መቻልና ሚጣ፦ የግቢያችን የሦስት ወር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ

ልጃችን ሚጣ ዛሬ ማንም ሳይደግፋት አምስት እርምጃ ሄደች። ስድስተኛው እርምጃ ወደ መቻል ነበር።

መቻል ውሻችን ነው። ቡናማ የሐበሻ ውሻ፣ ዕድሜው 5 ዓመት፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቀነጠበ። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። ቡችላ ሳለ የሰፈር ልጆች በድንጋይ ሲያሳድዱት ከቱቦ ሥር አውጥታ አመጣችውና «ይህን ሁሉ የቻለ» ብላ መቻል አለችው። ቀን ቀን ከማድ ቤቱ ጀርባ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ማታ 3 ሰዓት ይፈታል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የግቢው ጠባቂ አባባ መልሰው ያስሩታል።

ሚጣ ደርሳ አንገቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ዘልዬ ልነሣ ስል እናቴ፣ «ተዋት እንጂ፤ መቻል እኮ ነው፤ ይችላታል» አለችኝ። መቻል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ አፍንጫውን ላሰ፣ ከዚያ በሰፊው አዛጋ። «እንቅልፉ መጣ» ብለን ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱን ጠብቆ ጠዋት የተኛ ውሻ እንቅልፍ ከየት ይመጣበታል? ፊት ማዞር፣ አፍንጫ መላስ፣ ያለ እንቅልፍ ማዛጋት፣ የዐይንን ነጭ ማሳየት፣ ሁሉም የውሻ «እባካችሁ አንሡልኝ» ነው። በጨዋ ቋንቋ ለምኖን ነበር፤ እኛ ደግሞ ሳቅንበት። ሥራው የሚጀመረው ከዚህ ነው ብዬ ይህን ደብተር ከፈትሁ።

ጥቅምት 5

ጠዋት በጉልበቴና በእጄ እየዳህሁ ግቢውን ዞርሁ። አባባ አዩኝና ምንም ሳይሉ ወደ በሩ ዞረው ቆሙ። ቁመቴ በሚጣ ቁመት ልክ ሲሆን የመቻል አፍና የእኔ ፊት ትይዩ ሆኑ። ትንንሽ ልጆች በብዛት ፊታቸውንና አንገታቸውን የሚነከሱት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ትልቅ ሰው እግሩን ወይም እጁን ይነከሳል፤ ለሕፃን ግን ከውሻው አፍ ፊት ያለው የራሷ ፊት ነው። የሚነክሰውም አብዛኛውን ጊዜ የመንገድ ውሻ ሳይሆን የሚታወቅ፣ የቤት ውሻ ነው።

ቀጥሎ አመድ በጣሳ ይዤ መቻልን በሰንሰለቱ ልክ አስከትዬ ዞርሁ፤ ሰንሰለቱ ተወጥሮ በሚያልቅበት ሁሉ አመድ አፈሰስሁ። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60 ነው። የአመዱ ግማሽ ክብ የቧንቧውን ሥር ነክቶ ያልፋል። ሚጣ ደግሞ ከዚህ ግቢ ሁሉ የምትወደው ቦታ ያ ቧንቧ ነው፤ የሚንጠባጠበውን ውሃ በመዳፏ ትመታለች። ለዓመታት ስንኖርበት ይህ መስመር ለማናችንም አልታየንም።

የታሰረ ውሻ ሌላም ችግር አለበት። የፈራ እንስሳ መጀመሪያ የሚመርጠው መሸሽ ነው፤ ሰንሰለት ይህን ምርጫ ይነጥቀዋል፤ ከዚያ የሚቀረው ጥርስ ብቻ ነው። «ታስሯልኮ፣ ምን ያደርጋታል» የሚለው ያገራችን ማጽናኛ ስለዚህ የተገላቢጦሽ ነው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

የእንስሳት ሐኪም ግቢ ድረስ መጣ። መቻል የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተወጋ፤ በዓመቱ ይታደሳል፤ ቀኑን የበሩ ጀርባ ላይ በቀለም ጻፍሁት። ካርድ ይጠፋል፣ በር አይጠፋም። ክብደቱ 22 ኪሎ ሆነ። የትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ ተሰጠው፤ በየ3 ወሩ ይደገማል።

ሐኪሙ ለበዓል በግ ስናርድ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ስናገኝ ምን እንደምናደርገው ጠየቀ። «ለመቻል እንሰጠዋለን» አለች እናቴ፣ ሌላ መልስ ያለ ስላልመሰላት። እሱም ነገሩን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በጣቱ እየሳለ አስረዳት። ቋጠሮው የትል እጭ ነው፤ ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጠጉሩም ላይ ይጣበቃል፤ ሕፃን ጠጉሩን ዳስሳ እጇን አፏ ውስጥ ስትከት ያው ቋጠሮ ተመልሶ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያድጋል። እናቴ ዝም ብላ አዳመጠችና፣ «እንግዲህ ይቀበራል» አለች። «በጥልቁ ይቀበር፤ ቆፍሮ እንዳያወጣው» አላት።

ጥቅምት 16

ብየዳ ቤት ዋልሁ። ዕቅዱ ሰንሰለቱን ትቶ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለውን 4 በ3 ሜትር ቦታ በብረት አጥር መክለል ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ40፣ መዝጊያው ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ መቀርቀሪያው ከላይ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ባለቤቴ ይህን ደብተር ታነባለች።

ጥቅምት 18

አጥሩ ተተከለ፤ ስሕተቴም በሰዓቱ ታየ። የብረቶቹን ክፍተት 12 ሴንቲ ሜትር አድርጌ አዝዤ ነበር። መቻል አይወጣበትም፤ ግን የሚጣ ክንድ እስከ ትከሻዋ ይገባበታል። ገባም። ጭራውን ጨብጣ ስትስብ ደረስሁ። አጥር ሲሠራ ያሰብሁት ውሻው ወደ ልጅቷ እንዳይመጣ ነው፤ ልጅቷ ወደ ውሻው እንዳትሄድ አላሰብሁም። ለእሷማ ማንም ሰንሰለት አላሰረላት።

ከሰዓት በኋላ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የሽቦ መረብ ገዝቼ እስከ 1 ሜትር ከፍታ ድረስ በውጭ በኩል አለበስሁት። የሽቦውን ጫፍ ሁሉ ወደ ውስጥ አጠፍሁ፤ ሁለት ጣቴ ተቧጨረ።

ጥቅምት 19

ሰንሰለቱ ወረደ። መቻል በአዲሱ ቦታው ውስጥ ያንኑ የድሮውን ግማሽ ክብ ይዞ ይዞራል፤ 2 ሜትር ከ60 ላይ ሲደርስ ይቆምና ይመለሳል። ምግቡን ከክቡ አንድ ስንዝር አልፌ አኖርሁለት። አንገቱን አስግጎ አየው፤ እግሩን ግን አላነሣም። በሦስተኛው ቀን ሌሊት፣ ማንም ሳያየው፣ ሄዶ በላው። ጠዋት ሳህኑ ባዶ ነበር።

ኅዳር 3

ዛሬ የሆነውን በዝርዝር ልጻፍ፤ ሥራውን ሁሉ የቀየረው እሱ ነውና።

ሚጣና እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቀን ቆመናል። መቻል ከውስጥ ተኝቶ ያየናል፤ ጆሮው የላላ፣ አፉ ገርበብ ያለ። ሚጣ መሬት ላይ የቢራ ቆርኪ አየችና ልታነሣ አጎነበሰች።

መቻል ድርቅ አለ። የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ እንቅስቃሴው ሁሉ ተቋረጠ፣ አፉ ግጥም አለ። ከዚያ ተነሣ፤ የኋላ እግሮቹ ወደ ኋላ፣ አንገቱ ወደ ፊት። ከንፈሩ በአንድ ወገን ተነሥቶ ጥርሱ ታየ፤ ከደረቱ ውስጥ ማጉረምረም መጣ። ሚጣ ቆርኪዋን ይዛ ቀና ስትል ነገሩ ሁሉ ወዲያው ረገበ።

አባባ ዱላቸውን ይዘው ሮጡ። «ልጅ ላይ!» እያሉ። ያዝኋቸው። «አባባ፣ አይምቱት። ነገረን እንጂ አልነከሰም» አልኋቸው። ማጉረምረም የማስጠንቀቂያ ደወል ነው፤ ባጉረመረመ ቁጥር የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱን ግን አይተውም፤ ከዚያ በኋላ ያለ ደወል ይነክሳል። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለውን ተረት አባባ ጠቀሱልኝ። የሚጮኽ ውሻም ይናከሳል፤ ዝም ያሰኙት ውሻ ግን የባሰ ነው።

ከዚያ ሚጣን ወደ ቤት አስገብቼ ብቻዬን ተመለስሁና ከአጥሩ ፊት ቆምሁ። እጄን ዘረጋሁ፤ ምንም። ጮኽ ብዬ አጨበጨብሁ፤ ምንም። ዘለልሁ፤ ጭራውን ቆላ። ጎንበስ ብዬ መሬቱን ነካሁ፤ ደነበረ፣ ጭራውን በእግሮቹ መካከል ወተፈ።

በዚህ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መንገድ ላይ ውሻ ቢመጣብህ ድንጋይ ባይኖርም እንኳ ጎንበስ በል፣ ውሻው ይሸሻል። ውሻዎቻችን ከሰው ምልክቶች ሁሉ አጥርተው የተማሩት ይህን ነው፦ ያጎነበሰ ሰው ሊወግር ነው። መቻል ደግሞ ትምህርቱን የቀሰመው ቱቦ ሥር ነው፤ ጆሮውም ምስክር ነው። ገና መራመድ የጀመረች ልጅስ ቀኑን ሙሉ ምን ታደርጋለች? ታጎነብሳለች። ቆርኪ ታነሣለች፣ ጠጠር ታነሣለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ታጎነብሳለች። ለመቻል ሚጣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስታነሣበት የምትውል ሰው ናት።

ኅዳር 5

ዕቅድ። የማጎንበስን ትርጉም መቀየር። አጎንብሼ ስነሣ ከእጄ የሚወጣው ድንጋይ ሳይሆን ሥጋ ይሆናል። ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዛሁ፤ ቀቅዬ በሽምብራ ፍሬ ልክ ከተፍሁት።

ርቀት 12 እርምጃ። ሳንባው መሬት ላይ ሳይሆን በእጄ ነው፤ አጎነብሳለሁ፣ መሬት እነካለሁ፣ ቀና እላለሁ፣ ከአጥሩ በላይ እወረውርለታለሁ። የአወራወሬ ነገርም አለ። ክንድ ወደ ላይ ከተነሣ ያው ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ ከታች ወደ ላይ፣ ዘር እንደሚዘራ ሰው በቀስታ። 20 ጊዜ አጎነበስሁ፤ 17 ጊዜ ደነበረ። የወደቀውን ሳንባ እንኳ የበላው እኔ ዞር ስል ነው።

ኅዳር 8

12 እርምጃ። ከ20ው 15።

ኅዳር 11

12 እርምጃ። 9። ወገቤ አመመኝ።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የጨረሰውን የኅዳር በሽታ እያሰበ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፤ ጭሱ ዐይን አያስገልጥም። ልምምድ የለም። ግቢውን ስናጸዳ መቻል የቀበረውን 11 አጥንት አወጣን፤ ሁለቱ ሚጣ የምትጫወትበት አሸዋ ውስጥ ነበሩ። አጥንቱን የሚጠብቅ ውሻና አሸዋ የምትቆፍር ልጅ በአንድ ጉድጓድ ላይ ቢገናኙ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ብዙ ምናብ አይጠይቅም። ከዛሬ ጀምሮ አጥንት የሚሰጠው በአጥሩ ውስጥ ብቻ ነው፤ ማታ ከመፈታቱ በፊትም የተረፈው ይለቀማል።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ፤ እናቴም ብረት ድስቶቿን ቆጥራ ወሰደች። «በጾም የእኔ ድስት ሳንባ አይነካውም።» ትክክል ናት፤ ልከራከር አልሞከርሁም። ባዶ የዘይት ጣሳ አጥቤ፣ ከግቢው ጥግ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሰል አንድጄ መቀቀል ያዝሁ። ጎረቤት በአጥር አሻግራ፣ «በጾም የምን ሽታ ነው?» ስትል እናቴ ፈጠን ብላ፣ «ለውሻው ነው፤ ልጄ ከውሻ ጋር ትምህርት ቤት ገብቷል» አለቻት።

8 እርምጃ። 6 ከ20።

ኅዳር 21

5 እርምጃ። 4 ከ20። አዲስ ነገር፦ ሳጎነብስ ከመደንበር ይልቅ ወደ እጄ ማየት ጀመረ።

ኅዳር 23

ሁሉም ነገር ፈረሰ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች የግቢውን በር በድንጋይ ሲደበድቡ አንዱ ከበሩ በላይ አልፎ ከአጥሩ ብረት ላይ አረፈ። ሳጎነብስ 14 ከ20 ደነበረ። ወደ 12 እርምጃ ተመለስሁ። ስልቹነቴን ባለቤቴ አይታ፣ «አንተ አምስት ዓመት የተወገርህ ብትሆን በሁለት ሳምንት ትረሳው ነበር?» አለችኝ። ጥያቄው መልስ አልፈለገም።

ታኅሣሥ 4

እንደገና 5 እርምጃ፣ 3 ከ20። ሰሞኑን የሚያጎነብሰው የእህቴ ልጅ ነው፤ 12 ዓመቱ ነው። ለመቻል የእኔ ማጎንበስ አንድ ነገር፣ የልጅ ማጎንበስ ሌላ ነገር ነው፤ የወገሩት ልጆች ናቸውና። መጀመሪያ 11 ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን 5።

በዚሁ አጋጣሚ ለእሱና ለግቢው ልጆች ሦስት ክልከላ ሰጠሁ፦ የሚበላ ውሻ አይነካም፣ የተኛ ውሻ አይነካም፣ አጥር ውስጥ ያለ ውሻ ጋ አይገባም። መንገድ ላይ የማያውቁት ውሻ ቢመጣ ደግሞ አይሮጡም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጥለው እንደ ዛፍ ይቆማሉ። «ድንጋይስ?» አለ አንዱ። ከመቻል ጋር የማደርገውን ሲያዩ ስለሰነበቱ መልሱን ራሳቸው ተከራከሩበት።

ለሚጣ ክልከላ የለም። የ14 ወር ልጅ ሕግ አትጠብቅም። የእሷ ሕግ የእኛ ዐይን ነው፤ ያውም በእጅ ርዝመት ውስጥ ያለ ዐይን። ማድ ቤት ሆኖ በመስኮት ማየት ማየት አይባልም።

ታኅሣሥ 10

ሌላ ዝግጅት፦ ቢነክስስ? ወይም ከውጭ የመጣ ውሻ ቢነክስ? ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። 15 ደቂቃ በወሬ ቀላል ነው፤ በእኛ ሰፈር ግን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። 20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑን በምስማር በስቼ ዘቀዘቅሁትና በሰዓት ለካሁ፤ 17 ደቂቃ ፈሰሰ። ይበቃል። ያ ጀሪካን ሞልቶ፣ ሳሙና በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጎኑ፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ማንም ለልብስ አጠባ አይነካውም።

እናቴ ይህን ስታይ የልጅነቷን አወራች። የጎረቤት ልጅ ተነክሶ ፓስተር ሲወስዱት፣ በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ፣ ጩኸቱ። ጉለሌ ያለው ያ ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል፤ ሰፈሩ ግን አሁንም «ፓስተር» ነው፤ ስሙ በ1885 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ9 ዓመት ልጅ የሰጠው የፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። የዛሬው መርፌ ክንድ ላይ፣ ለሕፃን ጭን ላይ ነው የሚወጋው። እናቴ ግን ሆድ ላይ ቀርታለች፤ ብዙ ሰውም ከእሷ ጋር እዚያው ቀርቶ፣ መርፌውን ፈርቶ ወደ ሥራ ሥር ቀማሚ ይሄዳል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ነገር የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። እናቴን ቃል አስገባኋት፦ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። የነከሰው ውሻም በንዴት ተገድሎ አይቀበርም፤ ተዘግቶበት 10 ቀን ይታያል፤ በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው።

ታኅሣሥ 19

ሚጣን አቅፌ፣ 3 እርምጃ ላይ፣ እኔ አጎነበስሁ። 1 ከ20። ሚጣ በእጇ ሳንባ ለመወርወር ትፈልጋለች። አይሆንም፤ እሷ የምግብ ምንጭ ሆና ከታየች ነገ ዳቦ ይዛ ስትሄድ ከእጇ ይቀማታል። የሚወረውረው ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ነው።

ታኅሣሥ 24

ሚጣ ራሷ ቆማ፣ እኔ ከጎኗ ተንበርክኬ፣ አጥሩ በመካከል። እሷ ስታጎነብስ እኔ እወረውራለሁ። እንድታጎነብስ ማዘዝ አያስፈልግም፤ 6 ቆርኪ መሬት ላይ በተንሁ፣ ሥራውን ራሷ ሠራችው። መቻል በአራተኛው ቆርኪ ላይ ተቀመጠ። ቁጭ አለ እንጂ ድርቅ አላለም፤ አፉ ገርበብ ብሏል። ሚጣ ቆርኪዎቹን ሰብስባ ስትጨርስ መልሳ በተነቻቸው።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

በግ ታረደ። ጉበቱ ንጹሕ ነበር፤ ሳንባው ላይ ግን የአውራ ጣት የሚያህል ሁለት ውሃ የቋጠረ ቦታ ነበረው። እናቴ ሳልጠይቃት አካፋ ይዛ ወጣች።

ቤቱ በእንግዳ ሞላ። በእንግዳ ቀን የልጅ ጠባቂ ሁሉም ስለሚሆን ማንም አይሆንም፤ ስለዚህ የአጥሩን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዋልሁ። አንድ አጎቴ፣ «እንዴት በዓል ቀን ትዘጉበታላችሁ? ፍቱት እንጂ ይጫወት» ብሎ ሊከፍት ሄደ። እናቴ ከፊቱ ቆመች። «ስሙ መቻል ስለሆነ ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም» አለችው። እኔ አላስተማርኋትም፤ ቢያንስ በእነዚህ ቃላት።

መቻል አጥንቱን በሰላም ቆረጠመ።

ታኅሣሥ 30

ሚጣ ጠዋት ኳሷን ከአጥሩ ፊት ጥላ አጎነበሰች። መቻል አጥንቱን ትቶ መጣና ቁጭ ብሎ ወደ እኔ አየ፤ ወደ እሷ አይደለም፤ ወደ እጄ። እጄ ባዶ ስለነበር የኪሴን ዳቦ ቆርሼ ወረወርሁለት።

አባባ ግን ቅሬታ አላቸው። ትናንት ሌሊት ግቢው ውስጥ የወደቀ ባትሪያቸውን ሊያነሡ ሲያጎነብሱ መቻል ጭራውን እየቆላ መጥቶ ፊታቸው ቁጭ አለ። «አሁን ሌባ መጥቶ ድንጋይ ቢያነሣበት ምሳ ሊበላ ነው የሚሄደው» አሉኝ። የምመልስላቸው ነገር ካለ እስካሁን አላገኘሁትም።

የቀረ ሥራ፦ የመዝጊያው መቀርቀሪያ ዝገት ጀምሮታል፣ ዘይት ይፈልጋል። የትል መድኃኒቱ ጥር 9 ይደገማል። ሚጣ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ወንበር ገፍታ መውጣት ችላለች፤ መቀርቀሪያው 1 ሜትር ከ30 ላይ ነው። ነገ እለካለሁ።